ከቀመሩ በፊት ድንበሩ፦ የሞመንተምን ሕግ በሚገባ ስለ መጠቀም



በአንድ የክረምት ወቅት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ በማስጠናበት ጊዜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ቀረበችና፣ «አባ፣ መጽሐፉ ሞመንተም አይጠፋም ይላል። የተጋጩት መኪኖች ግን በመጨረሻ መንገድ ላይ ቆመው ቀርተዋል። ታዲያ የነበራቸው ሞመንተም ወዴት ሄደ? ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ወይ እኔ አልገባኝም» አለችኝ። ደብተሯን ስመለከት ቀመሩ በትክክል ተጽፏል፤ ቁጥሮቹም በየቦታቸው ገብተዋል፤ የመጣው መልስ ግን ስሕተት ነበር። ከጎኗ የተቀመጡት ጓደኞቿም ያንኑ የተሳሳተ መልስ ጽፈው ነበር።

ይህች ተማሪ ከጓደኞቿ የምትለየው በመጠየቋ ነው። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ብዙ ነው፤ ቀመሩ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ልጆችን የሚጥላቸውም የማባዛትና የማካፈል ችግር ሳይሆን ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሞመንተም ጥበቃ ሕግ ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚመነጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉን ከመጠቀማችን በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለሳለን።

፩. ሞመንተም ማለት ምን ማለት ነው?

በእጅ የተወረወረ የቴኒስ ኳስ ቢመታን ብዙም አንጎዳም፤ በዚያው ፍጥነት የመጣ ድንጋይ ግን ያቆስለናል። ያው ድንጋይ ደግሞ ቀስ ብሎ እግራችን ሥር ተንከባሎ ቢመጣ በጫማችን ጫፍ እናቆመዋለን። እንግዲህ የሚንቀሳቀስን ነገር ለማቆም የሚያስፈልገው ጥረት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አንደኛው ነገሩ የያዘው መጠነ ቁስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጓዝበት ፍጥነት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ሞመንተም ይባላል። ለምሳሌ 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰከንድ 20 ሜትር ቢጓዝ ሞመንተሙ 1500 × 20 = 30000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

ይህ አሳብ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዣን ቡሪዳን፣ የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ ለምን መጓዙን እንደሚቀጥል ሲያስረዳ፣ ወርዋሪው ለድንጋዩ አንድ ግፊት እንደሚያሳድርበት፣ ይህም ግፊት በድንጋዩ የቁስ ብዛትና በፍጥነቱ ልክ እንደ ሆነ አስተምሮ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፉ በዓለም ውስጥ ያለው ጠቅላላ የእንቅስቃሴ መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም ሲል ጻፈ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ዴካርት ፍጥነትን ሲቆጥር አቅጣጫን አላስገባም። ከዚህም የተነሣ ስለ ግጭት ያወጣቸው ደንቦች አብዛኞቹ ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ።

ስሕተቱ የታረመው እ.ኤ.አ. በ1668 እና በ1669 ነው። በለንደን የሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር የግጭት ሕግ እንዲብራራ ጠይቆ ነበርና፣ እንግሊዛውያኑ ጆን ዋሊስና ክሪስቶፈር ሬን፣ የኔዘርላንድ ተወላጁ ክርስቲያን ሆይገንስም እያንዳንዳቸው መልስ አቀረቡ። ከመልሶቻቸው የተገኘው ትልቁ ቁም ነገር አቅጣጫ መቆጠር እንዳለበት ነው። ወደ አንድ ወገን የሚሄደው የመደመር ምልክት ከተሰጠው፣ በተቃራኒው የሚመጣው የመቀነስ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው ከግጭት በፊት የነበረው ድምር ከግጭት በኋላ ካለው ድምር ጋር እኩል የሚሆነው።

፪. ሕጉ ከየት ይመነጫል?

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ሁለት ነገሮችን አስተማረን። የመጀመሪያው፣ የአንድን ነገር ሞመንተም የሚለውጠው ኃይል ነው፤ የለውጡም መጠን ኃይሉ ሠርቶ በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ ይገኛል። ሁለተኛው፣ አንዱ ነገር ሌላውን ሲገፋ፣ የተገፋውም ገፊውን በእኩል ኃይል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ እናድርጋቸው። ሁለት ነገሮች ሲጋጩ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል እኩልና ተቃራኒ ነው፤ የሚገፋፉበትም ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ አንዱ ያገኘውን ያህል ሞመንተም ሌላው ያጣል፤ የሁለቱ ድምርም አይለወጥም። ሕጉ ይኸው ነው።

ነገሩን በቤት ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ገንዘብ ቢቀባበሉ፣ የባልየው ኪስ ሊሞላ፣ የሚስቲቱ ቦርሳ ሊጎድል ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ይሆናል። የቤቱ ገንዘብ ግን ያው ነው። የቤቱ ገንዘብ የሚለወጠው በበሩ የሚገባ ወይም በበሩ የሚወጣ ሲኖር ብቻ ነው። በሞመንተምም እንዲሁ ነው። ልንመረምራቸው የመረጥናቸው ነገሮች ቤቱ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚገፋፉበት ኃይል የውስጥ ቅብብል ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ኃይል ግን በሩ ነው። እንግዲህ ሕጉ በትክክል ሲነገር እንዲህ ነው፦ ከውጭ የሚመጣው ኃይል ተደማምሮ ዜሮ በሆነ ጊዜ፣ የመረጥናቸው ነገሮች ጠቅላላ ሞመንተም አይለወጥም። ብዙ ተማሪዎች «አይለወጥም» የሚለውን ይዘው፣ «ከውጭ የሚመጣው ኃይል ዜሮ በሆነ ጊዜ» የሚለውን ይጥሉታል።

አንድ ቀላል ማስረጃ እንውሰድ። በጣና ሐይቅ ዳር የኖረ ሰው ከታንኳ ወደ ዳር መዝለል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ሰውየው ወደ ፊት ሲዘል ታንኳው ወደ ኋላ ይሸሻልና። የሰውየው ክብደት 60 ኪሎ ግራም፣ የታንኳው ደግሞ 40 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ሁለቱም ቆመው ስለ ነበሩ ጠቅላላ ሞመንተማቸው ዜሮ ነው። ሰውየው በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ዳር ቢዘል የእርሱ ሞመንተም 60 × 2 = 120 ይሆናል። ድምሩ ዜሮ ሆኖ እንዲቀር ታንኳው የመቀነስ 120 ሊኖረው ይገባል፤ ይህም ማለት በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው በዝላዩ ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ታንኳውን እየያዘ ያቆመዋል፤ ውኃው ከቤቱ ውጭ ነውና።

፫. አስቀድሞ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት፣ ማንኛውንም የሞመንተም ጥያቄ ለመሥራት የተቀመጠ ተማሪ እርሳሱን ወደ ቀመሩ ከመላኩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው፣ «በቤቱ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?» የሚል ነው። የምንመረምራቸውን ነገሮች ለይተን፣ በወረቀት ላይ በክብ መስመር እናጥራቸው። ከመስመሩ ውጭ የቀረው ሁሉ ባዕድ ነው። መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር የሚወስነው ሠሪው ነው፤ ካሰመረ በኋላ ግን በሒሳቡ መካከል ሊያነሣው አይችልም።

ሁለተኛው፣ «ከመቼ እስከ መቼ?» የሚል ነው። ግጭት እጅግ አጭር ነገር ነው። ከውጭ ያለው ኃይል፣ ለምሳሌ የመንገዱ ሰበቃ፣ ዜሮ ባይሆን እንኳ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ለውጥ ከግጭቱ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ሊሆን ይችላል። ጊዜውን ባስረዘምን መጠን ግን ባዕዱ ኃይል እያየለ ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ «በየትኛው አቅጣጫ?» የሚል ነው። ምልክቶቹ የመደመርና የመቀነስ መሆናቸውን መለየት ብቻ አይበቃም፤ በአንዱ አቅጣጫ በሩ ተዘግቶ በሌላው ሊከፈት እንደሚችልም ማስተዋል ያስፈልጋል። ለምሳሌ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት ጋሪ በለሰለሰ ሐዲድ ላይ በሰከንድ 3 ሜትር ሲንከባለል፣ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ቢወድቅበት ምን ይሆናል? ወደ ታች ባለው አቅጣጫ መሬት ስለሚስብና ሐዲዱ ስለሚገፋ በሩ ክፍት ነው። በአግድም ግን የሚገፋም የሚጎትትም ባዕድ የለም። ስለዚህ በአግድም የነበረው 200 × 3 = 600 አሁን ለ300 ኪሎ ግራም ይካፈላል፤ ጋሪውም ጤፉን ይዞ በሰከንድ 2 ሜትር ይጓዛል።

፬. የተማሪዎቹ ጥያቄ ሲሠራ

አሁን ተማሪዎቹ የተሳሳቱበትን ጥያቄ እንመልከት። 1500 ኪሎ ግራም የሆነች አነስተኛ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች። 6000 ኪሎ ግራም የሆነ የጭነት መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ወደ ምዕራብ ይመጣል። ፊት ለፊት ተጋጭተው ተጣብቀው ቀሩ። ወዲያው ከግጭቱ በኋላ ፍጥነታቸው ስንት ነው?

ተማሪዎቹ 30000 እና 60000 ደምረው 90000 አገኙ፤ ይህንንም ለ7500 ኪሎ ግራም አካፍለው በሰከንድ 12 ሜትር ብለው ጻፉ። እስቲ መልሱን በአእምሯችን እንፈትነው። የጭነት መኪናው ከፊት ለፊት የመጣች መኪና ገጭቶ ከ10 ወደ 12 ሜትር ፍጥነቱ ጨመረ ማለት ነው! የትኛው ሾፌር ነው ይህን የሚያምን? ተማሪዎቹ የሠሩት ስሕተት ከ300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ታላቁ ዴካርት የሠራው ስሕተት ነው፤ አቅጣጫን ረስተዋል።

በትክክል ሲሠራ፣ ምሥራቅን የመደመር፣ ምዕራብን የመቀነስ አቅጣጫ እናድርግ። የትንሿ መኪና ሞመንተም 30000፣ የትልቁ ደግሞ የመቀነስ 60000 ነው። ድምራቸው የመቀነስ 30000 ይሆናል። ይህ ለ7500 ሲካፈል የመቀነስ 4 ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱም ተጣብቀው በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። የጭነት መኪናው አቅጣጫውን ሳይለውጥ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ትንሿ መኪና ግን ወደ ኋላዋ ተገፋች። ይህ ዓይን ከሚያየው ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ተማሪ፣ «የትንሿ መኪና ሾፌር ፍሬን ይዞ ቢሆንስ? መንገዱ ባዕድ ኃይል አይደለም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማዎቿ ሁሉ ተይዘው ቢንሸራተቱ በዚህች መኪና ላይ የሚያርፈው ሰበቃ 12000 ኒውተን ገደማ ሊሆን ይችላል። ግጭቱ የአንድ ሰከንድ አሥረኛ ያህል ቢቆይ፣ ሰበቃው የሚለውጠው ሞመንተም 1200 ብቻ ነው። በግጭቱ ምክንያት ግን የመኪናዋ ሞመንተም በ36000 ይለወጣል። ባዕዱ ኃይል የሚያመጣው ለውጥ ከ30 እጅ አንዱ ብቻ ስለ ሆነ፣ መልሳችን ጥቂት ቢያዛባም አያፈርሰውም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ከመቼ እስከ መቼ?» የሚለው፣ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

፭. ይህ ሒሳብ ለሰው ሕይወት ምን ይነግረናል?

የሁለቱን መኪኖች ለውጥ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የትንሿ መኪና ፍጥነት ከመደመር 20 ወደ መቀነስ 4 ስለ ተለወጠ ለውጡ 24 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 1500 × 24 = 36000። የትልቁ ፍጥነት ከ10 ወደ 4 ስለ ወረደ ለውጡ 6 ብቻ ነው፤ 6000 × 6 = 36000። የሞመንተም ለውጣቸው እኩል ነው፤ ተሳፋሪዎቻቸው የሚደርስባቸው ግን እኩል አይደለም። በትንሿ መኪና ውስጥ ያለው ሰው የሚደርስበት የፍጥነት ለውጥ በአራት እጥፍ ይበልጣል። በእንዲህ ዓይነቱ አደጋ የከባድ መኪናው ሾፌር በእግሩ ወርዶ፣ በትንሿ መኪና የነበሩት ግን ለብርቱ ጉዳት ወይም ለሞት የሚዳረጉት ለምን እንደ ሆነ ይህ ቀላል ሒሳብ ያስረዳል።

የመቀመጫ ቀበቶም ትርጉሙ ከዚህ ይገኛል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳፋሪ ፍጥነቱ በ24 ሜትር በሰከንድ ሊለወጥ ግድ ነው፤ ይህን ለውጥ ቀበቶ አያስቀረውም። ቀበቶ የሚያደርገው ጊዜውን ማስረዘም ነው። ለውጡ በአንድ ሰከንድ አሥረኛ ቢፈጸም፣ በሰውየው ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል 14400 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ራሱ ከባድ ነው። ቀበቶ ያላሰረው ግን በግጭቱ ቅጽበት መጓዙን ቀጥሎ ከመሪው ወይም ከመስተዋቱ ጋር ይላተማል፤ ጊዜው በአሥር እጥፍ ቢያጥር ኃይሉ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። ሕፃንን በክንድ አቅፎ መያዝም በዚህ ሚዛን ሲታይ ከንቱ መተማመኛ ነው፤ ማንም ክንድ እንዲህ ያለውን ኃይል አይችልምና።

፮. ሞመንተምንና ኢነርጂን አለማምታታት

ሌላው የተለመደ ስሕተት ሞመንተም ካልጠፋ የእንቅስቃሴ ኢነርጂም አይጠፋም ብሎ ማሰብ ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የመጠነ ቁስና በራሱ የተባዛ ፍጥነት ብዜት ግማሽ ነው፤ አቅጣጫም የለውም። በምሳሌያችን ከግጭቱ በፊት ትንሿ መኪና 300000 ጁል፣ ትልቁም 300000 ጁል ነበራቸው፤ በድምሩ 600000። ከግጭቱ በኋላ 7500 ኪሎ ግራም በሰከንድ 4 ሜትር ሲጓዝ ያለው 60000 ጁል ብቻ ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ብረት ለማጣመም፣ ለሙቀትና ለድምፅ ዋለ። ሞመንተሙ ግን አንዲት እንኳ አልጎደለችም። አንዱ ተጠብቆ ሌላው መልኩን ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው።

በተቃራኒው፣ ብይ የሚጫወቱ ልጆችን እንመልከት። አንዱ ብይ የቆመውን እኩያውን በቀጥታ ሲመታው፣ የመታው ከሞላ ጎደል ይቆማል፤ የተመታው ይሄዳል። ለምን ሁለቱም በግማሽ ፍጥነት አብረው አይሄዱም? የሞመንተም ሕግ ብቻውን ይህን አይከለክልም። እንዲያ ቢሆን ግን የእንቅስቃሴው ኢነርጂ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ ጠንካራ ብይ ደግሞ ሲጋጭ ኢነርጂውን እምብዛም አያጠፋም። ስለዚህ «ተጣበቁ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሞመንተምን ብቻ፣ «ኢነርጂ ሳይጠፋ ተጋጩ» የሚል ሲመጣ ሁለቱንም እንጠቀማለን።

፯. ድንበሩ ሲሳሳት ሊቃውንትም ይሳሳታሉ

ድንበርን በትክክል አለማስመር የተማሪዎች ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ሮኬት ከአየር በላይ ሊወጣ እንደሚችል ባስረዳ ጊዜ፣ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ፣ ሮኬት በባዶ ጠፈር ውስጥ የሚገፋው ነገር ስለማያገኝ ሊሠራ አይችልም በማለት ተችቶት ነበር። ጋዜጣው የረሳው ጋዙን ነው። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሮኬቱና ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ናቸው፤ ጋዙ ወደ ኋላ ሲወረወር ሮኬቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አየር አያስፈልግም። ከታንኳው ምሳሌ የተለየ ምሥጢር የለውም። ጋዜጣው እርማቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 ሰዎች ወደ ጨረቃ እየተጓዙ ሳሉ ነው።

በእኛ ዘመን የተፈጸመ አንድ ታላቅ ሙከራ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት በሰማይ ላይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በሩሲያ በቼልያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጠፈር ድንጋይ በአየር ላይ ፈንድቶ፣ በተሰባበረ መስተዋት ብዙዎች የተጎዱበት፣ ከ1000 በላይ ሰዎች የቆሰሉበት አደጋ ደርሷል። ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ድንጋይ አንድ ቀን ወደ ምድር ቢመጣ ከመንገዱ ማስወጣት ይቻል እንደ ሆነ ለመፈተን፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ዳርት የተባለች መንኮራኩር ላከ። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2022 ዲዲሞስ የተባለውን አስትሮይድ ከምትዞረው ከትንሿ ዲሞርፎስ ጋር ሆን ብላ ተጋጨች። ሁለቱም ለምድር የሚያሰጉ አልነበሩም፤ የተመረጡት ለሙከራ ነው።

ሒሳቡን እኛም ልንሠራው እንችላለን። መንኮራኩሯ 580 ኪሎ ግራም ገደማ ሆና በሰከንድ 6100 ሜትር ያህል ትበር ነበር፤ ስለዚህ ሞመንተሟ 3.5 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። የዲሞርፎስ መጠነ ቁስ 4.3 ቢሊዮን ኪሎ ግራም ገደማ ተብሎ ይገመታል። መንኮራኩሯ ተጣብቃ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ 3.5 ሚሊዮን ለ4.3 ቢሊዮን ሲካፈል የፍጥነቱ ለውጥ በሰከንድ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆን ነበር። የተለካው ግን በሰከንድ 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሦስት እጥፍ በላይ! ዲሞርፎስ አንድ ዙር ለመጨረስ የሚወስድባት 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በ33 ደቂቃ ገደማ አጠረ።

ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? ሕጉ ፈረሰ? አልፈረሰም። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው ብለን ካሰብን እንሳሳታለን፤ ሦስተኛ አለ። ከግጭቱ የተነሣ ብዙ ድንጋይና አቧራ ከዲሞርፎስ ገጽ ተፈናጥሮ መንኮራኩሯ በመጣችበት አቅጣጫ ወጣ። ልክ እንደ ሮኬቱ ጋዝ፣ ይህ ፍርስራሽ ወደ ኋላ ሲወረወር ዲሞርፎስን ተጨማሪ ገፋት። ፍርስራሹ በድንበሩ ውስጥ ሲቆጠር ሒሳቡ ይዘጋል። እንግዲህ ሒሳብ አልዘጋ ሲል ሕጉን ከመጠርጠር በፊት ከድንበሩ ውጭ የተረሳ ነገር እንዳለ መፈለግ ይገባል።

፰. የተማሪዋ ጥያቄ መልስ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። የቆሙት መኪኖች ሞመንተም ወዴት ሄደ? ወዲያው ከግጭቱ በኋላ የመቀነስ 30000 ነበራቸው። በሚቀጥሉት ጥቂት ሰከንዶች መንገዱ እየያዘ አቆማቸው፤ ሞመንተሙም ወደ መሬት ተላለፈ። የመሬት መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም ሲጻፍ ከ6 በኋላ 24 ዜሮ ያለው ቁጥር ስለ ሆነ፣ መሬት ያገኘችው ፍጥነት በማንኛውም መሣሪያ አይለካም።

ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። መኪኖቹ ያን ሞመንተም ከየት አገኙት? ከቆሙበት ሲነሡ ጎማዎቻቸው መሬትን ወደ ኋላ ገፍተው፣ መሬትም እነርሱን ወደ ፊት ገፍታ አይደለምን? ከመሬት የተበደሩትን ለመሬት መለሱ ማለት ነው። መኪኖቹንና መሬትን በአንድ ቤት ብናስቀምጣቸው፣ ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድምሩ አልተለወጠም። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ተማሪዋም አልተሳሳተችም፤ ሁለቱ የተነጋገሩት ስለ ተለያየ ድንበር ነበር። ይህን ስነግራት ደብተሯን ወሰደችና ከቀመሩ በላይ በነበረው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ክብ አሰመረች፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምራ ሠራችው።

ማጠቃለያ

የሞመንተም ሕግ በሁሉም ቦታ ይሠራል፤ የሚጠይቀን ግን ታማኝ ሒሳብ ያዥ እንድንሆን ነው። እነማን በቤቱ ውስጥ እንዳሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምንቆጥር፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደምንደምር አስቀድመን እንወስን። ከዚያ በኋላ ቀመሩ ራሱ ይመራናል። መልሱን ካገኘን በኋላም፣ «ይህ ሊሆን ይችላልን?» ብለን እንጠይቅ።

ለመልመጃ

1. አራት ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ 10 ግራም የሆነች ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ይተኩሳል። ጠመንጃው በምን ፍጥነት ወደ ኋላ ይመታል? ተኳሹ ጠመንጃውን በትከሻው አጥብቆ ሲይዘው ምቱ የሚቀለው ለምንድን ነው?

2. ከፎቅ የተለቀቀ ድንጋይ ሞመንተሙ ከዜሮ ተነሥቶ እየጨመረ ይሄዳል። ሕጉ ፈርሷልን? ድንበሩን የት ብናሰምር ሕጉ ይጸናል?

3. ከላይ በጠቀስነው የመኪኖች ምሳሌ ሁለቱም መኪኖች ወደ ምሥራቅ ይጓዙ ነበር፤ ትንሿም ከኋላ መጥታ ገጭታ ተጣበቀች እንበል። ፍጥነታቸው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ (1) በሰከንድ 2 ሜትር፤ አጥብቆ ሲይዘው የተኳሹ ሰውነት በድንበሩ ውስጥ ስለሚገባና መጠነ ቁሱ ስለሚጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል። (2) አልፈረሰም፤ ድንጋዩንና መሬትን አንድ ላይ ብናጥር መሬትም በማይታይ ፍጥነት ወደ ድንጋዩ ስለምትቀርብ ድምሩ ዜሮ ሆኖ ይኖራል። (3) በሰከንድ 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ፤ ተማሪዎቹ የጻፉት መልስ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር።